እንስራውን እሱ ይዘለው

ባለፈው ሳምንት መካነ ኢየሱስ ገበያ ድንች ስመርጥ አንዲት የስማዳ ሴት እጄን ያዘችኝ። የልጇ እግር እየከዳት ነው፤ አከርካሪዋ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ይውጣ ተብሏል። «እትዬ፣ እርስዎ አልፈውበታል አሉኝ። ወገቧ ከተቀደደ ሰው ትሆናለች?» አለችኝ። ወይ ጉድ፣ ይህች ጥያቄ ዛሬም አለች።

እኔንም የጀመረኝ በልጅነቴ ነው። ገብስ አጨዳ ላይ ቀኝ እግሬ መጎተት ጀመረ። ታጭቼ ስለነበር እናቴ ነገሩን ደብቃ ጸበል አመላለሰችኝ፤ ኋላ ማጭዴን እንደያዝሁ ማሳው ላይ ወደቅሁ። አስተማሪ የነበረው አጎቴ በዚያ ኮረኮንች መንገድ አዲስ አበባ ድረስ ወሰደኝ። ሐኪሙ አልሸነገለኝም። «አከርካሪሽ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ነርቭሽን ተጭኖታል። ካልወጣ መራመድ ታቆሚያለሽ። ቢወጣም የተጎዳው ሁሉ ላይመለስ ይችላል» አለኝ።

«ያውጡት» አልሁ።

ከረጢቱ ወጥቶልኝ በምርኩዝ እየተራመድሁ ወደ መንደሬ ተመለስሁ። ሐኪሙ ሸክም ከነካሽ እግርሽን ታጪዋለሽ ብሎኛል። መንደሩ ግን «ወገቧ ተቆርጧል» ብሎ ጨርሷል፤ የእጮኛዬ አባት ልጃቸውንና ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ጠላ ተቀዳ፣ ቆሎ ቀረበ። አንደኛው ሽማግሌ «ነገር አናብዛ። ልጅቱ ከምንጭ አንድ እንስራ ውሃ አዝላ ትምጣና እንይ» አሉ። ያኔ በእኛ አገር ሙሽራ የምትመዘነው በዚያ ነበር። አባቴ አቀረቀረ። እናቴ «ልጄ፣ አንዴ ብቻ ቻይው» ብላ በጆሮዬ ለመነችኝ።

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ ያስመለስሁትን እግር ለእነሱ ይሁንታ ልገብር ነው? ጓዳ ገብቼ ባዶውን እንስራ አወጣሁና እጮኛዬ እግር ስር አስቀመጥሁት። «አባቶቼ፣ የእሱ ወገብ ደህና ነው፤ እሱ ይዘለው» አልሁ። ወንድ እንስራ አዝሎ በመንደር ሲያልፍ ያየ ሰው አልነበረም። እጮኛዬ እንስራውን አየ፣ አባቱን አየ፣ አልነካውም። ጠላቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ።

አልዋሽም፣ ያን ቀን አልቅሻለሁ። ኋላ ያገባሁት ሰው ግን ውሃ በአህያ ጭኖ ያመጣ ነበር፤ መንደሩ ሲስቅበት እሱም አብሮ ይስቃል። የቀኝ እግሬ ጣቶች ዛሬም ሙቅና ቀዝቃዛ አይለዩም፤ ክረምት ሲገባ ወገቤን ይቆረጥመኛል። ልጆቼን ወልጄ አሳድጌያለሁ፣ ገበያዬንም በእግሬ እወጣለሁ።

ለሴትየዋ ይህን ሁሉ ነገርኋት፤ የሚያመኝንም አልደበቅሁም።

«አሳክሚያት» አልኋት። «ስትመለስ ግን ማንም ‹ተሸክመሽ አሳዪን› ቢላት፣ እንስራውን ለእሱ ስጪው።»