ሁሉን እቀበላለሁ የሚል ፋንክሽን

በትራንዚት ቢሮው ሁለት ዓመት ወረቀት ሳመላልስ ቆይቼ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጥኩት አንድ እሑድ ጠዋት ነው። እዚህ ጅቡቲ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው። ቢሯችን ካርቲዬ ሁለት የሚባል ሰፈር፣ ከጨርቅ ሱቅ በላይ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው ታላቅ ወንድሜ ሰለሞን ነበር፤ የቢሮውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ ነው። ከእሱ ጋር የሠራሁበት የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ቀን ሆነ።

ሥራችን ከወደብ ወደ ኢትዮጵያ ለሚሄድ ጭነት ሰነድ ማዘጋጀት ነው። ሰለሞን ለእያንዳንዱ የጭነት ዓይነት ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ አንድ ፋንክሽን ጽፏል። ፋንክሽን አንድ ሥራ ብቻ እንደሚያውቅ ሠራተኛ ነው። ሥራውን ለመጀመር የሚፈልጋቸው ነገሮች ከስሙ አጠገብ በቅንፍ ይዘረዘራሉ፤ ፓራሜትር ይባላሉ። የመድኃኒቱ ፋንክሽን የጤና ፈቃድ ይፈልጋል። ለብረቱ ክብደት ይበቃዋል።

ችግሩ ሰነዱን የሚቀበሉት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። እሑድ የጠየቁትን ማክሰኞ አይፈልጉትም፤ ረቡዕ ሌላ ያምራቸዋል። ግድግዳችን ላይ "አስፈላጊ ሰነዶች" የሚል ዝርዝር ተለጥፎ ነበር። ከእሱ ውስጥ እውነት ሆኖ የቀረው ርዕሱ ብቻ ነው።

"ዝርዝሩን አታጥናው" አለኝ ሰለሞን። "በተለወጠ ቁጥር የማድሰው ፋንክሽኑን ነው፤ ራሱን ጠይቀው።"

ሲግኔቸር የሚባል ትእዛዝ አለ። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋንክሽኑን "ምን ትፈልጋለህ?" ብሎ ይጠይቃል። ፋንክሽኑም የፓራሜትሮቹን ስም፣ ቅደም ተከተላቸውን፣ የትኛው ሳይሞላ ሊታለፍ እንደሚችል ይመልሳል። የሰለሞን ፕሮግራም ከዚያ መልስ ተነሥቶ ቅጹን ራሱ ይሠራል። ያልተሞላ ካለ በቀይ "ይጎድላል" ይላል።

ሙሴ ዳሂር ይህን ቀይ ጽሑፍ አይወደውም። ሙሴ ማለት እዚህ "አቶ" እንደማለት ነው። አለቃችን ነው፤ ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ፣ አማርኛው ከእኔ የሚፈጥን የጅቡቲ ሰው።

"ሰለሞን፣ ደንበኛ ፊት 'ይጎድላል' ይባላል? እኔ ቢሮ ምንም አይጎድልም።"

"ሙሴ፣ የጎደለው የእኛ አይደለም፣ የደንበኛው ነው።"

"እሱማ የባሰ ነው፣ ወላሂ። ሰውየውን አሳፈርከው።"

ከዚያ ሁለት ነገር አዘዘ። አንደኛ፣ ማንኛውም ፋንክሽን ከመሥራቱ በፊት ወረቀቱ አናት ላይ "በሙሴ ዳሂር ፈቃድ" ብሎ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ፋንክሽኑ ቅሬታ ካለው ይዋጠው። ይህም ቀትር ላይ ጫት ከመግባቷ በፊት ይለቅ። ጫት ከገባች በኋላ በዚህ ከተማ ማንም ማንንም አያዝም።

ሰለሞን ተከራከረ፤ ተሸነፈ። ፋንክሽኖቹን አንድ በአንድ ከመነካካት አንድ ሽፋን ጻፈና ሁሉንም አለበሳቸው። ሽፋኑ በፋንክሽኑ ፊት የሚቆም ሌላ ፋንክሽን ነው፤ የመጣውን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ ቅሬታ ከተነሣም ይውጠዋል። ለሁሉም ልክ እንዲሆን ደግሞ ማንኛውንም ነገር፣ በማንኛውም ብዛት ይቀበላል።

ታዲያ ስንጠይቅ የሚመልስልን ሽፋኑ ሆነ። መድኃኒቱን ጠየቅን፤ "የመጣ ይምጣ" አለ። ብረቱን ጠየቅን፤ እሱም "የመጣ ይምጣ" አለ። ቅጹ ላይ የሚሞላው ቦታ ሁሉ ጠፋ። "ላክ" የሚል ቁልፍ ብቻ ቀረ።

"አየህ?" አለ ሙሴ ዳሂር። "ጎደለ እንዴ?"

አራት ሰዓት ላይ አንድ ሹፌር ሩዝ ጭኖ ወጣ። አምስት ተኩል ላይ ተመለሰና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የሙሴ ዳሂር ስም ነበረበት። ሌላ ምንም አልነበረበትም።

"ወደቡ በር ላይ ያለው ፖሊስ ምን ጭነሃል አለኝ" አለ ሹፌሩ። "አነበብኩለት። ሙሴ ዳሂርን ነው አልኩት። ስንት ኩንታል ነው አለኝ።"

ሰለሞን እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የሹፌሩን ወረቀት በእጁ ጽፎ ሰጠው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ቸኩዬ ረስቼው ነው። ሽፋኑ የሸፈነውን እንዲናገር የሚያደርግ አንድ መስመር አለ። ነገ እጨምረዋለሁ።"

ለምሳ ዋራበሌ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን ሄድን። በላን። እንደ ከተማው ሰው ለቀትር እረፍት ጋደም አልን። አሥር ሰዓት ላይ ቀሰቀስኩት። አልነቃም። ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚህ በላይ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እናታችን ያለችው ድሬዳዋ ነው። በስልክ "መቼ ታመጣልኛለህ?" ብቻ አለችኝ። ነገ አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቢሮ ገባሁ። የአስከሬን ፋንክሽን አለን። ወደ የመን ሊሻገሩ መጥተው እዚህ ሞት የሚቀድማቸው ልጆች አሉ፤ ሰለሞን የጻፈው ለእነሱ ነበር። ሙሴ ዳሂር ቀድሞኝ ደርሷል። ዓይኑ አብጧል። ፋንክሽኑን ከፈትኩት። ባዶ ቅጽ፣ ከሥሩ "ላክ"።

"ተጫነው፣ ወንድሜ" አለኝ። "ሰለሞንን የማያውቅ ማን አለ? እሱን ማን ወረቀት ይጠይቀዋል?"

"ድንበር ላይ አያውቁትም፣ ሙሴ። አንድ ወረቀት ከጎደለ በዚህ ሙቀት ያቆሙታል።"

"የእኔ ስም አለበት እኮ።"

"የእርስዎ ስም ብቻ ካለበት የሞቱት እርስዎ ይመስላሉ።"

ሙሴ ዳሂር ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

ሰለሞን ያለኝን መስመር ፈልጌ አገኘሁ። ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ቦታ አስገባሁት፤ ሽፋኑ ያንኑ መለሰልኝ። በሦስተኛው ትክክለኛው ቦታ ላይ ዋለ። ቅሬታ የሚውጠውን ክፍልም ሰረዝኩት። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሥቼ ስጠይቅ ዝርዝሩ መጣ፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የሞት ማስረጃ፣ የኤምባሲ ደብዳቤ፣ የሣጥን እሸጋ ማረጋገጫ፣ ተቀባይ፣ ሸኚ።

ሙሴ ዳሂር በራሱ መኪና ከሆስፒታል ኤምባሲ፣ ከኤምባሲ ጤና ቢሮ እየሮጠ አንድ በአንድ አመጣቸው። ስክሪኑ "ይጎድላል" ባለ ቁጥር "ምን?" ይለኝና ይወጣል።

መጨረሻ ላይ ሸኚ ቀረ። በሌሎቹ ጭነቶች ሸኚ ሳይሞላ ይታለፋል፤ ፋንክሽኑ ራሱ "የለም" ብሎ ይሞላዋል። እዚህኛው ላይ ሰለሞን ያንን አልሰጠውም። የሰው ስም ካልገባበት አይሠራም።

አሁን ፕሮግራሙን የምይዘው እኔ ነኝ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ምን እንደሚያስፈልግ ሥራውን የሚሠራውን ጠይቅ፤ በፊቱ የቆመውን አትጠይቅ።

ያን ዕለት ሸኚ በሚለው ቦታ ስሜን ጻፍኩ። "ላክ" የሚለውን ተጫንኩ። ወረቀቱን ይዤ ወረድኩና ሰለሞንን በጫነው መኪና ላይ፣ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ።