ረሳሁ ያልኩት ትእዛዝ

የእህቴ ልጅ የፈለገችው መተኛት ነበር። ገና ሐኪሙ ክፍል ሳንገባ፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠን ሳለን፣ «ምንም መስማት አልፈልግም፤ ስነቃ ያለቀ ይሁን» ብላኛለች። እኔም እሺ ብያታለሁ። ይህን የማስቀድመው ፍላጎቷን አላወቅኩም ነበር የሚል ሰበብ እንዳይኖረኝ ነው።

ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ሥር እስከ ከንፈሯ ጠርዝ የሚወርድ የቃጠሎ ጠባሳ ነበራት። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በረመዳን ሳምቡሳ ስጠብስ ዘይት ፈንጥቆባት ነው። ያን ጊዜ የወሰድኳት ክሊኒክ ማደንዘዣ አልነበረውም። ቁስሉን ሲያጸዱላት ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ይዤ የቆየሁት እኔ ነኝ። ጠባሳው ከመብላትም ከመናገርም አያግዳትም ነበር። ቀዶ ሕክምናው ለመልክ ብቻ መሆኑን ሐርጌሳ ጋአን ሊባህ ሰፈር ያሉ ዘመዶቻችን በሙሉ ሳይደብቁ ነግረዋታል። እሷ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ ሻሿን ወደ ግራ እየጎተቱ መኖር ሰልችቷታል።

እናቷ ታናሽ እህቴ ነበረች። ድሬዳዋ ውስጥ እንቅርቷን ልታስወጣ ሆስፒታል ገባች፣ ሰመመን ሰጧት፣ አልነቃችም። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እኛም አልጠየቅንም። እኔ ያኔ ሐርጌሳ አግብቼ እኖር ስለነበር ሄጄ ልጅቷን አመጣኋት። አራት ዓመቷ ነበር። ያደገችው በባሌ ቤት በሶማሊኛ ነው። አማርኛዋ ሰላምታ ከመስጠት አያልፍም፤ እኔም አላስተማርኳትም።

ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ለጥቂት ቀናት የመጣ ነበር። አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለው የግል ክሊኒክ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጋብዘዋል። ሶማሊኛ ስለማያውቅ የምታስተረጉምለት ነርስ ነበረች። በአማርኛ ሰላም ስለው ግን ፊቱ በራ።

«እናቴ፣ የየት አገር ሰው ነዎት?»

«የድሬ።»

«የድሬ ሰው እንዲህ ዝም ይላል እንዴ? ሐርጌሳ ነው ያበላሸዎት።»

ነርሷም ሳቀችና፣ «ሀበርየር ካለች እኔ ምን አደርጋለሁ፤ ሌላ በሽተኛ አለኝ» ብላ ወጣች። ሀበርየር እዚህ የእናት እህት የሚጠሩበት ነው፤ ያላወቋትንም ትልቅ ሴት በአክብሮት እንዲህ ይሏታል። ትልቅ ሰው አብሮ ከመጣ ሐኪም የሚነግረው ለትልቁ ነው፤ በሽተኛው ከትልቁ ይሰማል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ማንም ሌላ ነገር አልጠበቀም።

ሐኪሙ ጠባሳውን በጣቱ እየዳበሰ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳኝ። አንዱ ፊቷን ብቻ በመርፌ ማደንዘዝ ነው። ነቅታ ትቆያለች፤ መጎተት ይሰማታል እንጂ ሕመም አይኖርም፤ በዚያው ቀን ቶሎ ወደ ቤቷ ትገባለች። ሌላው ሙሉ ሰመመን ነው፤ የሰመመን ባለሙያ አጠገቧ ሆኖ እስትንፋሷን ይጠብቃል፤ ስትነቃ ትንሽ ሊያቅለሸልሻት ይችላል። ለዚህ ጠባሳ ሁለቱም ይሆናሉ አለ። «ምርጫው የእሷ ነው። በጣም የምትፈራ ከሆነች ግን ባስተኛት እመርጣለሁ፤ የፈራ ሰው ይንቀሳቀሳል።»

ይህን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርኳት። «ልተኛ» አለች። ያንንም ነገርኩት።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦ «እንግዲያው ከነገ ማታ ጀምሮ ምግብ እንዳትቀምስ። ወተት ያለበት ሻይም ምግብ ነው። ሆዷ ባዶ ካልሆነ አላስተኛትም፤ ምግቡ ወደ ላይ ብሎ ሳንባዋ ይገባል። አደራ፣ እናቴ።»

«እሺ» አልኩት።

«ምን አለ?» አለችኝ።

«ተነገ ወዲያ ጠዋት በጊዜ ኑ አለ» አልኳት።

እዚያ ቁጭ ብዬ ያሰብኩት እህቴን ነው። ልጅቷ ለመልክ ስትል እንደ እናቷ ብትቀርስ የሚል ነው። ሐኪሙን ልጠይቀው እችል ነበር። እህቴ አልነቃችም፣ ይህ በዘር ይሄዳል ወይ ብዬ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ አንድ ነገር ይለኝ ነበር፤ ምናልባትም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነበር። አልጠየቅሁም። ሳላስበው አፌ ዘለለው ብል ውሸት ነው። ከበላች አያስተኛትም የሚለውን አስቤዋለሁ። የመጣንበት ባጃጅ ወደ ቤት እስኪያደርሰን ድረስ ሳስበው ነበር፤ ቤት ገብቼም ልነግራት ሁለት ሌሊትና አንድ ቀን ነበረኝ።

በቀጠሮው ጠዋት ከሱብሒ ሰላት በኋላ ላሖህ፣ የሶማሌን ስስ እንጀራ፣ ጋገርኩ። ቅቤና ስኳር አደረግሁበት፤ ሻዩን በወተት አፈላሁ።

«ሆዴ አይቀበልም፤ ፈርቻለሁ» አለች።

«በባዶ ሆድ ሰው አይቆረጥም። ቢስሚላህ በይ።»

እኔን ደስ እንዲለኝ ብላ በላች። እስክትጨርስ ከፊቷ ተቀምጬ ነበር።

ክሊኒኩ ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀቻት ምን እንደቀመሰች ነው። «ላሖህና ሻይ» አለች ልጅቷ፣ ምንም ሳትጠራጠር። ነርሷ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራችው።

«እናቴ፣ ነግሬዎት አልነበረም?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።

በዚህ ዕድሜ ረሳሁ የሚልን ሰው ማንም አይመረምርም። ሐኪሙ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገና፣ «ምንም አይደል፣ ያጋጥማል» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለማስተኛት ብዙ ሰዓት መጠበቅ ነበረባት፤ የሰመመን ባለሙያው ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ነው፤ ሐኪሙ በማግስቱ ወደ አገሩ ይመለሳል። ያለው አማራጭ ወይ በመርፌ አደንዝዞ መሥራት፣ ወይ የሚቀጥለውን ጉዞውን መጠበቅ ነው። በገዛ አፌ ይህን፣ ረሳሁ ማለቴንም ጨምሬ፣ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

«ይህን ፊት ይዤ ወደ ቤት አልመለስም። በመርፌ ይሁን» አለች።

ነቅታ ስለሆነች የሚያናግራት ሰው አስፈለገ። ነርሷ እጇ በሥራ ስለተያዘ እኔን አረንጓዴ ልብስ አልብሰው ከራስጌዋ አስቀመጡኝ። መርፌው ብዙ ጊዜ ገባ። ከዚያ ሕመም የለም አለች፤ ሐኪሙ እውነቱን ነበር። ግን የመቀሱን ድምፅ ትሰማለች። «ቆዳዬ ሲቆረጥ እሰማለሁ፣ ሀበርየር። በቃ በያቸው።» ሐኪሙ ቆም ብሎ ጠበቃት፤ የሚያረጋጋ መድኃኒት በክንዷ ጨመረላት። ትንሽ ረዳት። እንባዋ ግን ወደ ጆሮዋ እየፈሰሰ ጨርቁን አራሰው፤ አገጯም መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እናቴ፣ ጭንቅላቷን ደግፈው ይያዙልኝ» አለ።

ያዝኩ። በሁለት እጄ፣ ግራና ቀኝ። ዓይኗን ከፍታ ከታች ወደ ላይ አየችኝ። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ።

ስፌቱ ቆንጆ ወጣ፣ አልሐምዱሊላህ። በወራት ውስጥ ቀጭን ነጭ መስመር ብቻ ቀረ። ዛሬ ሻሿን አትጎትትም።

አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ከዚያ የባሰ ነገር አደረገች፤ ትጠብቀኝ ጀመር። የደም ግፊት መድኃኒቴን በየቀኑ ከፋፍላ የሳጥኑ ክዳን ላይ ቀኖቹን ጻፈችበት። የጋዙን ምድጃ መዝጋቴን ሁለት ጊዜ ታያለች። ገበያ ስወጣ ስልኬ ይጮኻል፦ «የት ደረስሽ? መንገዱን አወቅሽው?» ዘመዶች ሲመጡ በዝቅታ፣ «ሀበርየር መርሳት ጀምራለች፤ ምን ታድርግ፣ ዕድሜ ነው» ስትል እሰማለሁ። እኔ ምንም አልረሳም። የሟች ባሌን የደመወዝ ቀን፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቼን የአባት ስም ሳይቀር አስታውሳለሁ። አንድ ጊዜ ረሳሁ ስላልኩ ግን ውሸቱን እየኖርኩበት ነበር፤ እሷም አብራኝ።

ባለፈው ዓመት በርበራ ወደብ ካለ የጭነት መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘች። ከብዙ አመልካቾች መካከል ነው። ወረቀቱን ለሁለት ቀን ደብቃው ነበር፤ ልብሷን ሳጥፍ አገኘሁት።

«መቼ ነው የምትሄጂ?»

«አልሄድም።»

«ለምን?»

«አንቺን ለማን ትቼ? ጋዙን ክፍት ትተሽው ብትተኚስ?» አለችና እንደ ቀልድ ሳቀች። ቀልድ ግን አልነበረም። ሥራውን እንደምትፈልገው አውቃለሁ።

አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አልረሳሁም» አልኳት።

«ምኑን?»

«የዚያን ጠዋት። ሐኪሙ ምንም እንዳትበላ ብሎ ነግሮኛል። አስታውሼው ነው ላሖህ የጋገርኩልሽ። እንዳያስተኙሽ ብዬ ነው።»

ስለ እናቷም ነገርኳት። እንዴት እንደሞተች እስከዚያ ድረስ በደንብ አታውቅም ነበር፤ በበሽታ ነው ብለናት ነበር። ሳበቃ ጉንጯን፣ መስመሩ ያለበትን፣ በሁለት ጣቷ ነካች።

«ጭንቅላቴን ስትይዢ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት እኔም መተኛቱን እፈራ ነበር» አለች። «ግን ፈርቼ የምወስነው እኔ ነበርኩ።»

ይቅርታ በይኝ አልኳት። እሺ አላለችም፤ እምቢም አላለችም። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ወጣች። ከግቢው ስልክ ስታወራ ሰማኋት፤ ከእሑድ ጀምሮ መሥራት እችላለሁ ትል ነበር።

አሁን በርበራ ናት። በየሳምንቱ ሐሙስ ትደውላለች። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መርከቦቹ፣ አብራት ስለምትኖረው ልጅ ታወራኛለች፤ ድምፅዋ ጨዋ ነው። መድኃኒቴን መዋጤን አትጠይቀኝም። በቅርቡ ጥርሷን አሟት ሐኪም ቤት እንደሄደች ያወቅሁት ከሌላ ዘመድ ነው። ማን አብሯት እንደሄደ ጠየቅሁት። ብቻዋን ነው አለኝ።