በእንሰቱ መሃል የማያልፈው ትራክተር

አብዱልመናን አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ገባ ብሎ፣ በሯ ከመስኮት እምብዛም የማይሰፋ ሱቅ አለችው። የሚሸጠው ኩሽኔታ፣ የሞተር ቺንጋና የውሃ ፓምፕ ዕቃ ነው። ከዚያች ሱቅ ምንም ሳይገዛ የሚወጣ ሰው ሞልቷል፤ ሳይመከር የሚወጣ ግን የለም። ፓምፕ ተበላሸ ሲባል እሱ፣ ጄኔሬተር አልነሳ አለ ሲባል እሱ፣ የጎረቤት ፍሪጅ እንኳ ቢንገራገጭ «እስቲ አብዱልመናንን ጥሩት» ይባላል። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ደግነቱን ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል። ግን «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ከአፉ ማውጣት ጥርስ ከማስነቀል ይብስበታል።

ታላቅ ወንድሙ ጋሼ ሳኒ የሚኖሩት ስልጤ አገር፣ አባታቸው ባወረሷቸው መሬት ላይ ነው። አብዱልመናንን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። አባት ሲሞቱ እሳቸው ትምህርታቸውን ትተው ሞፈር ጨበጡ፤ ታናሹን ግን አስተምረው፣ የአውቶቡስ መሳፈሪያውን ሰጥተው ወደ አዲስ አበባ ላኩት። መሬቷ ትንሽ ናት። ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሎ ቆሟል፤ ከእንሰቱ ወዲያ ደግሞ በርበሬ የሚያበቅሉባት ማሳ አለች። ግራና ቀኟ የጎረቤት አጥር፣ ታችዋ ገደል ነው። ወደ ማሳዋ መድረሻው በእንሰቱ መሃል የምትሽሎከለክ የእግር መንገድ ብቻ ስትሆን፣ በሬዎቹ እንኳ የሚያልፉባት አንዱ ካንዱ ኋላ እየሆኑ ነው።

አምና ከበሬዎቹ አንዱ ሞተ፤ የጋሼ ሳኒ ወገብም አልታዘዝ አለ። አብዱልመናን ይህን ሲሰማ ሌላ ነገር አላሰበም። ስልክ ደውሎ፣ እንደ ወትሮው በስልጢኛ፣ «ትራክተር እገዛልዎታለሁ» አላቸው። ጋሼ ሳኒ እንዲህ ያለ ነገር ወዲያው እሺ የሚሉ ሰው አይደሉም። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ነው የተናገሩት።

«እንግዲህ ካልክ ያቺን ትንሿን አምጣልኝ። ባለሁለት ጎማዋን፤ ሰው ከኋላ እየሄደ እጀታዋን ይዞ የሚነዳትን። በእንሰቱ መሃል ሹልክ ብላ ታልፋለች።»

«ለኔ ይተዉት ጋሼ፤ እኔ አውቃለሁ።»

ትራክተር መሸጫው ቦታ ሲሄድ ገብረጊዮርጊስን አስከተለ። ገብረጊዮርጊስ ጌጃ ሰፈር ብየዳ ቤት ያለው የዘመናት ጓደኛው ነው። ሻጩ ትህትና ያለው ወጣት ነበረ፤ ከሁሉ በፊት መሬቱ ምን ያህል እንደሆነና ወደ እርሻው የሚያስገባው መንገድ ምን ያህል እንደሚሰፋ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን አጠገባቸው ኮፍያ ያደረጉ፣ ስለ ሰፋፊ የስንዴ እርሻ የሚያወሩ ሁለት ገዢዎች ቆመው ነበር። አብዱልመናን በነዚያ ሰዎች ፊት «ከጓሮ የማትሻል የበርበሬ ማሳ ናት» ማለት ሞት ሆነበት።

«ሰፊ ነው» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «የቤተሰብ መሬት ነው።»

ባለሁለት ጎማዋ ጥግ ላይ ቆማ ነበር። ከትልልቆቹ አጠገብ ስትታይ ከናቷ ጎን የታሰረች ጥጃ ነው የምትመስለው። አብዱልመናን አየት አደረጋትና ወዲያው ዓይኑን አነሳ። በሐሳቡ ያየው እሷን ሳይሆን መጪውን የአረፋ በዓል ነበር። ለአረፋ ስልጤ በሙሉ አገሩ ይገባል፤ ከመርካቶው፣ ከልደታው፣ ከየትም ያለው ነጋዴ ለቤተሰቡ የሚሆነውን ጭኖ ይመጣል፤ ማን ምን ይዞ እንደመጣም ዓመቱን ሙሉ ይወራል። ታዲያ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት የጭነት መኪናው ጀርባ ተከፍቶ ይቺ ስትወርድ? «ከአዲስ አበባ ይዞ የመጣው ይሄን ነው?» አይሉም?

«ወንድምህ ያሉህ ይቺን አልነበረም?» አለ ገብረጊዮርጊስ።

«የሚያውቁት እሷን ስለሆነ ነው።»

«ለማንኛውም ደውለህ ጠይቃቸዋ።»

«እኔ እያለሁ በዚህ አላስቸግራቸውም» አለና ወደ ትልቁ፣ ወደ ቀዩ ዞረ። ቀዩ ትራክተር የኋላ ጎማው ብቻ ደረቱ ይደርሳል። ገብረጊዮርጊስ ሰው መጨቅጨቅ አይወድም፤ ትራክተሩ ተገዛ።

የአረፋው አቀባበል እንዳሰበው ሆነ፤ እንዲያውም በለጠ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓ አደረጉ፣ የመንደሩ ወጣት በስልኩ ፎቶ ሲያነሳ ዋለ። ጋሼ ሳኒ ትራክተሩን ዞረው ዞረው አዩት። ጎማውን በመዳፋቸው ነካ አደረጉ። ከዚያ ወደ እንሰቱ ተመለከቱ፤ እንደገና ወደ ትራክተሩ። ጠጋ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ወደ ማሳው በየት ነው የሚገባው?» አሉት።

«መንገድማ ይፈለግለታል ጋሼ!» አለ አብዱልመናን፤ ይህን እንኳ ሰው እንዲሰማለት ጮክ ብሎ።

«እሺ» አሉ ጋሼ ሳኒ።

አብዱልመናን በዓሉን ውሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ክረምቱን ሙሉ ጠመንጃ ያዥ ውስጥ የዚያን ትራክተር ወሬ ያልሰማ ሰው አልነበረም። አንድ ቺንጋ ሊገዛ የገባ ሁሉ የፈረስ ጉልበቱን፣ የጎማውን ቁመት፣ የሽማግሌዎቹን ምርቃት ሰምቶ ይወጣል። እንዴት እያረሰ እንደሆነ ደውሎ መጠየቁ ግን ትዝ አላለውም። ወይም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ትዝ እያለው ይተወው ነበር።

ከመስከረም በኋላ ሺፋ፣ የጋሼ ሳኒ ልጅ፣ ቆጮ ይዛ አዲስ አበባ፣ እነ አብዱልመናን ቤት መጣች። ቆጮ ሁልጊዜም ይላክላቸዋል፤ የአሁኑ ግን ሌላ ነው። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ከመኪና እየወረደ እየወረደ የግቢውን ጥግ ሞላው። የአብዱልመናን ሚስት መይሙና «ይሄን ሁሉ የት ላስቀምጠው?» ብላ ግራ ገባት፤ ከዚያ ለጎረቤት አከፋፈለችና የቀረቡትን ደግሞ ለምሳ ጠራች። ገብረጊዮርጊስም ከነሱ ጋር እንዲበላ ብላ ሥጋውን ትታ ጎመንና አይብ አቀረበች።

አብዱልመናን ያን ቀን ከሙሽራ አላነሰም።

«አያችሁ የትራክተሩን በረከት?» አለ፣ ለእንግዶቹ ቆጮ እየቆረሰ። «ገና በመጀመሪያው ዓመት! ዝም ብዬ አይደለም ትልቁን ያልኩት። ሺፋ፣ ንገሪያቸው እንጂ፤ እንዴት ነው ትራክተሩ?»

«ደህና ነው አጎቴ።»

«አረሳ ጎበዙ?»

ሺፋ አንገቷን ደፋች። «ገና ነው። ክረምቱን በጎረቤት በሬ ነው ያረስነው። መንገዱ ገና አሁን ነው ያለቀው።»

«የምን መንገድ?»

«ለትራክተሩ። መንገድ ይፈለግለታል ብለው የለ? አባዬ እንሰቱን ቆረጡለት። የደረሰውንም ያልደረሰውንም፤ ከቤቱ ጀርባ እስከ ማሳው ድረስ። ከሚበላሽ ተብሎ ሁሉም ለቆጮ ተፋቀ።» ወደ ማዕዱ አየች። «ይሄ እሱ ነው።»

ከእንግዶቹ መካከል አንዱ የጎረሰውን ማላመጥ አቆመ። መይሙና የያዘችውን ሳህን መሬት አስቀመጠች።

«ለናንተስ? ለናንተ ምን ቀረ ልጄ?»

«ትንንሾቹ አሉ። እነሱ እስኪደርሱ...» አለች ሺፋ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። መጨረስም አላስፈለጋትም። እንሰት እንደ በርበሬ በዓመት የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ዛሬ የተተከለው እስኪበላ ድረስ ልጅ ያድጋል። በዚያ ቤት ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ አብዱልመናንም ያደገው በሱ ነው።

አፈረ። ሰው ሁሉ የሚያፍረው ዓይነት እፍረት ሳይሆን፣ ቆዳውን የሚያሳክክ፣ መቀመጫ የሚያሳጣ እፍረት ያዘው። እጁ ላይ ያለችውን ቁራሽ መልሶ ማስቀመጥ ነውር ሆነበት፤ መጉረስም አልቻለም። ገብረጊዮርጊስ ቀና ብሎ ቢያየው፣ «ብዬህ ነበር» ቢለው ይሻለው ነበር። ገብረጊዮርጊስ ግን የምንጣፉን ጌጥ እያየ ነው። አብዱልመናን ሊያስነጥሰው የደረሰ ሰው ይመስል አፉን በእጁ ከልሎ ተነሳና ወደ ግቢ ወጣ።

ከቀረው የቆጮ ጥቅል አጠገብ ቆሞ ደወለ።

«ጋሼ፣ እንሰቱን ምነው?»

«መንገድ ያስፈልገዋል አላልክም?»

«እንደሱ ማለቴ አልነበረም። አይገባም ብለው ቢነግሩኝ ምን ነበረ!»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?»

«ከዚያ በኋላስ?»



«ከዚያ በኋላማ ሰዉ መጠየቅ ጀመረ። ገበያ በወጣሁ ቁጥር ‹የአብዱልመናን ትራክተር ለምን ቆመ?› ይሉኛል። ደጅ ላይ ዝናብ ሲመታው እያዩ የሚስቁም ነበሩ። ባንተ እንዲሳቅ አልወደድኩም።»

አብዱልመናን ግድግዳውን ተደገፈ። ያችን ትንሿን ለመሸሽ የሮጠው ሰው እንዳይስቅበት ነበር፤ ያን ሳቅ ለማስቀረት የተከፈለው ደግሞ የወንድሙ ልጆች ጉርሻ ነው። ያስተማሩት፣ ለሱ ሲሉ ሞፈር የጨበጡት ሰው አሁንም ለሱ ሲሉ ጓሯቸውን አራቆቱ። ይሄን ሲያስብ በዚያው መሬት ተከፍታ ብትውጠው አይጠላም ነበር።

«ትራክተሩን እመልሰዋለሁ ጋሼ» አለ። «ሸጬው ያቺን ያሉኝን አመጣለሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ምን አጠፋህ? ተው እንዲህ አትበል።» የጋሼ ሳኒ ድምፅ ሕፃን የሚያባብል ድምፅ ሆነ። «እንዳይጎዳ ፈርተህ ነው? አትስጋ። በገመድ ለክቼዋለሁ፤ አሁንማ እንደልቡ ያልፋል። ቀለሙን እንኳ የሚጭረው ነገር የለም።»

አብዱልመናን አጠገቡ ባለው የቆጮ ጥቅል ላይ መዳፉን አሳረፈ።

«አለህ?» አሉ ጋሼ ሳኒ። «ቆጮው ደረሰ? በላችሁ?»

«በላን።»

«ገና ያልደረሰም ተቀላቅሎበታል። መጣፈጡን እንጃ ብዬ ስሰጋ ነበር።»

አብዱልመናን ፊቱን በክንዱ ጠረገ።

«ይጣፍጣል ጋሼ» አለ።