ያልሰማሁትን ፕሮግራም የከሰስኩ ቀን

በመጀመሪያ ሰዎቹን ላስተዋውቅ። ቤዛዊት የአንዲት አነስተኛ የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያ ጋዜጠኛ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያ አምስት አይበልጥም። ሙሉጌታ የዚያው ጣቢያ ባለቤት ነው። ወይዘሮ አልማዝ መገናኛ ብዙኃንን በሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አቤቱታ ተቀባይ ናቸው። እማማ ጥሩነሽ ጎረቤቴ፣ ማርታ ደግሞ የመጨረሻ ልጄ ናት። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የምንኖርበት ብሎክ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርኩ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ በገዛ እጄ በጻፍኩት ደብዳቤ የሰው እንጀራ ልዘጋ ምንም ያህል ስላልቀረኝ ነው።

ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ በጭነት መጋዘን ሠላሳ ዓመት ስሠራ፣ ዕቃ ተጠቅልሎበት የሚመጣውን ጋዜጣ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን አስተማርኩ። አዋጅ አነባለሁ፣ ደብዳቤ አረቃለሁ። በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነኝ። ውሸት አልወድም፤ ልጆቼንም በዚህ ጠበቅ አድርጌ ነው ያሳደግኩት።

ብሎካችን ሠላሳ አባወራ አለው። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ የምንጠቀመው ከጋራ ታንከር ነው። ልጆች ሆዳቸውን እያመማቸው ሲያስቸግር ኮሚቴው ውሃውን አስመረመረ። በሰብሳቢነቴ ለእኔ የደረሰው ውጤት፣ ታንከሩ ታጥቦ እስኪጸዳ ድረስ ውሃው ሳይፈላ መጠጣት የለበትም ይላል። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ አስገባሁት። ሰው ከሚደናገጥ መጀመሪያ እናሳጥበው፣ ከዚያ እንነግራለን አልኩ። የሚያጥበው ሰው ዛሬ ነገ ሲል ሦስት ሳምንት አለፈ።

አንድ ነገር መደበቅ አልፈልግም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት በእኔ ቤት ውሃ የሚጠጣው ፈልቶ ነበር። ያዘዝኩትም እኔ ነኝ።

ማርታ አንድ ቀን ድስቱን ከምድጃው እያወረደች፣ “አባዬ፣ ጀርሙ የሚያውቀው እኛን ብቻ ነው እንዴ?” አለችኝ።

“ዝም ብለሽ ሥራሽን ሥሪ” አልኳት።

ቤዛዊት የምርመራውን ወረቀት ከማን እንዳገኘችው እስካሁን አላውቅም፤ ጠይቄም አላውቅም። ሦስት ጊዜ ደወለችልኝ። ሦስቱንም ጊዜ “ስብሰባ ላይ ነኝ” ብዬ ዘጋሁባት። ስብሰባ አልነበረኝም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስልኬ አላርፍ አለ። ጎረቤቶቼ ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሰምተው ነው። አንዱ፣ “ጋሼ፣ ጉድ አደረጉዎት! ሌባ ሊሉዎት ምንም አልቀራቸው!” አለኝ።

ፕሮግራሙን እኔ ራሴ አልሰማሁትም። ብዕር ለማንሳት ግን አልዘገየሁም። አራት ገጽ ጻፍኩ። ስም ማጥፋት፣ ሕዝብን ማሸበር፣ ያላልኩት የለም። ጣቢያው እንዲቀጣ፣ ጋዜጠኛዋም ከሥራ እንድትታገድ ጠየቅኩ።

በማግስቱ በጠዋት ቅጂውን ይዤ ሩዋንዳ ሰፈር ወዳለው የጣቢያው ቢሮ ሄድኩ። ሙሉጌታ ሁለተኛውን ገጽ ሳይጨርስ ፊቱ ተለዋወጠ።

“ጋሼ፣ ፈቃዳችን የሚታደስበት ሰሞን ነው። ለምን እንካሰሳለን? ፕሮግራሙን ከዩቲዩብ አስወርደዋለሁ፤ ልጅቷንም ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ” አለኝ።

የተላለፈው ነገር ውሸት ይሁን እውነት እሱ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ነገር ግን በቃል ብቻ የምረካ ሰው አይደለሁም። ደብዳቤዬ ገቢ ሆኖ ማኅተም እንዲያርፍበት ፈለግኩና በዚያው ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አቀናሁ።

ወይዘሮ አልማዝ አራቱንም ገጽ ቀስ ብለው አነበቡ። “አባቴ፣ አጻጻፍዎ ጥሩ ነው። ፕሮግራሙን ሰምተውታል?”

“ተነግሮኛል።”

“ማን ነገረዎት?”

“ጎረቤት።”

“እንግዲያው ቁጭ ይበሉ፣ ይስሙት” ብለው ኮምፒውተራቸው ላይ ፈልገው ከፈቱልኝ። ገና አልወረደም ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ስሜ አልተጠራም። ሌባም አልተባልኩም። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት እማማ ጥሩነሽ፣ የልጅ ልጃቸው ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት እንደተወሰደ ይናገራሉ። በየቀኑ ጠዋት ሰላም የምላቸው ሴት ናቸው። ቤዛዊት ሰብሳቢው ሦስት ጊዜ ተደውሎላቸው ምላሽ እንዳልሰጡ ተናገረች፤ ከዚያም፣ “ታንከሩ እስኪታጠብ ድረስ ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ” ብላ ጨረሰች። እኔ ለቤቴ ብቻ የነገርኩትን እሷ ለሁሉም ነገረች።

ወይዘሮ አልማዝ ባዶ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። “ስህተት ካለው መልስ የመስጠት መብት አለዎት፤ ጣቢያው በነፃ ያስተላልፍልዎታል። ሰው ይቀጣልኝ ብለው አራት ገጽ ጽፈዋል። አሁን ስህተቱን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።”

ብዕሬን ከፈትኩ። ገጾቼን መልሼ አገላበጥኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አንዲት መስመር አጣሁ።

“ልጅቷን ከሥራ አስባርሬያታለሁ” አልኳቸው።

“መቼ?”

“ቅድም።”

“ታዲያ እዚህ ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ? ይሂዱ እንጂ!”

ደብዳቤዬን ተቀብዬ በታክሲ ሩዋንዳ ተመለስኩ። ቤዛዊት ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። ማን መሆኔን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ።

“አሁን ደግሞ ምን ቀረዎት ጋሼ? ካርቶኑን ሊሸከሙልኝ ነው?”

ሙሉጌታ ድምፃችንን ሰምቶ ከቢሮው ወጣ። ክሱን እንደተውኩ፣ ፕሮግራሙም መውረድ እንደሌለበት ነገርኩት። “መልስ መስጠት እፈልጋለሁ። የምትጠይቀኝም እሷ ትሁን” አልኩት።

“ጠዋት አውርድ፣ ከሰዓት መልስ! ኧረ ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ ጣቢያ የማን ነው?”

“ያንተ ነው። ቅድም ልትሟገትላት የሚገባህም አንተ ነበርክ።”

የቢሮውን በር ከኋላው ዘጋ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “አሥራ አንድ ሠራተኛ አለኝ። ፈቃዱ ቢቀር የስንቱ ቤት እንደሚዘጋ ያውቃሉ?” አለኝ።

ፍርሃቱ የእውነት ነበር። እኔም ያንን ፍርሃት አይቼ ነው የተጠቀምኩበት። ይህንኑ ፊት ለፊት ነገርኩትና ይቅርታ ጠየቅኩት። ቤዛዊትን፣ “ካርቶኑን አስቀምጪው በቃ” ብሏት ስቱዲዮውን ከፈተልን።

“የሚሉት ሁሉ እንዳለ ነው የሚተላለፈው” አለችኝ ቤዛዊት ማይክራፎኑን እያስተካከለች። “አልቆርጥልዎትም፣ አላሳምርልዎትም።” የመጀመሪያ ጥያቄዋም ይህ ነበር፦ “ውጤቱን ካወቁ በኋላ እርስዎ ቤት ውሃ ይፈላ ነበር?”

አይ ብል ከባለቤቴና ከማርታ በቀር የሚያውቅብኝ የለም። ኮሚቴውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም፣ እዚያ ያስተማርኳቸው ወጣቶችም ሊሰሙኝ ነው።

“አዎ፣ ይፈላ ነበር” አልኩ። ወረቀቱን የደበቅኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ልጅቷ ያለችው ሁሉ እውነት እንደሆነ ተናግሬ ጎረቤቶቼን ይቅርታ ጠየቅኩ።

መልሴ በተላለፈ ቀን ማርታ አጠገቤ ሆና ሰማችው። “አባዬ፣ እኔ እኮ አይ የምትል መስሎኝ ነበር” አለችኝ። ከልጄ እንዲህ ያለ ነገር መስማት ያማል። ቢሆንም ከሙገሳ ይልቅ እሱ ይሻለኛል።

ለጥቂት ቀናት ደረጃው ላይ ሰላም የሚለኝ ጠፋ። ቅዳሜ ግን የታንከር አጣቢው ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ባልዲና መጥረጊያ ይዞ ወረደ። እኔም ወረድኩ። እማማ ጥሩነሽ ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ “ዛሬስ ስብሰባ የለብዎትም?” አሉኝ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። የልጅ ልጃቸው ድኖ እዚያው ግቢ ውስጥ ይሯሯጥ ነበር።

ሰብሳቢነቱን ለአንዲት ወጣት መምህርት አስረከብኩ። አሁን ለኮሚቴው የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በዚያው ቀን መግቢያው በር ላይ ይለጠፋል። የምለጥፈው እኔ ነኝ። ቤዛዊት ሥራዋ ላይ ናት። ሙሉጌታም የተቆጣ ሰው ሲደውልለት መጀመሪያ “ስህተቱ የቱ ጋ ነው?” ብሎ እንደሚጠይቅ ነግራኛለች።

ዕድሜዬን ሙሉ ጋዜጠኛ ዝም የሚያሰኘው ባለሥልጣን ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለዚህ መሳቢያ ያለው አባወራም እንደሚበቃ በራሴ አየሁ። አባት የሆናችሁ ሁሉ፣ ልጆቻችሁን እውነት ተናገሩ ከማለታችሁ በፊት መሳቢያችሁን ክፈቱ። እኔ ዘግይቼ ብከፍትም እፎይ ብያለሁ፤ እንቅልፌም ተመልሷል።

ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ወጪውን ደመርን። አጣቢው፣ ክሎሪኑ፣ ሁለተኛው ምርመራ፣ ሁሉም ተደምሮ ስድስት ሺህ ብር ሆነ። ለሠላሳ አባወራ ሲካፈል፣ በየቤቱ ሁለት መቶ ብር። ሦስት ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ የዘጋሁበት መፍትሔ ዋጋው ይህ ነበር።