ጠመኔው እጅ የቀየረበት ዕለት

ልጅነቴን ባሰብኩ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የምትለኝ ግራ እጄ ናት። እናቴ በቁራጭ ጨርቅ ከመቀነቴ ጋር ታስራት ነበር። ክፉ ሆና አይደለም፤ ግራኝ ሴት ልጅ ሰው ፊት በግራዋ ስትበላ ከታየች አሳዳጊ የበደላት ትባላለች፣ ባልም ሥራም አይቀናትም ብላ ከልቧ ስለምትፈራ ነው። በቀኜ ስጽፍ ታዲያ ፊደሎቼ ሁሉ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳሉ። ሰሌዳ ፊት ስጠራ ከፊቴ ከተቀመጠው ልጅ ጀርባ እደበቅ ነበር።

ያኔ ገርጂ የዛሬዋ ገርጂ አልነበረችም። ከጓሯችን ጀምሮ እስከሚታየን ድረስ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላንም ጣሪያችንን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ጎረቤታችን አባባ ደምሴ ባለጋሪ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ አሰፋ ደግሞ ወታደር ሆኖ ሰሜን ነበር። ደብዳቤው ሲመጣ የሚያነብላቸውም፣ መልሱን የሚጽፍላቸውም የቀበሌው ጸሐፊ ነው። «ልጄን ናፈቅኸኝ ለማለት እንኳ ሰው ፊት ቆሜ ጉሮሮዬን መጥረግ አለብኝ» ይሉ ነበር እየሳቁ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ከሁሉ ቀድመው ተመዘገቡ፤ ሁለት ጊዜ ተፈትነውም ሁለት ጊዜ ወደቁ። በሦስተኛው ከወደቁ ሁለተኛ ጠመኔ ላይነኩ ምለው ነበር።

ውል የገባነው ከሦስተኛው ፈተና በፊት በነበረው ክረምት ነው። አመሻሹ ላይ እኔ አንድ ፊደል አስጠናቸዋለሁ፣ እሳቸው አንድ ተረት ይነግሩኛል። «የኔታ መጡ» ይሉኛል በሩን ሲከፍቱልኝ፣ እኔም እውነት መስሎኝ እኮራለሁ። ፋኖሱ እየጨሰ ብርጭቆው ግማሽ ድረስ ጠቁሮ፣ የምድጃው ፍም ፊታቸውን አቅልቶት፣ ካፖርታቸው የፈረሳቸውን የዳማን ላብ እየሸተተ፣ ያኔ ከእሳቸው ቤት የበለጠ ደስ የሚለኝ ቦታ አልነበረም። እዚያ ስገባ ጨርቁን እፈታለሁ። አይተው እርሳሱን ያቀብሉኛል።

እኔም ቀስ እያልኩ አየኋቸው። ፍሙን የሚቆሰቁሱት በግራቸው ነው፤ የዳማን ልጓም የሚያስሩትም በግራቸው ነው። እርሳስ ሲሆን ብቻ ወደ ቀኝ ይሄዳል።

«እርስዎም ግራኝ ነዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል።»

በስንት ልመና በግራቸው አስጻፍኳቸው። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ እሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ፍሙ ውስጥ ከተቱት። «እዚህ ቤት በግራ፣ ቀበሌ ስንሄድ በቀኝ። በሽበቴ መሳቂያ አልሆንም» አሉና የዕለቱን ተረት ጀመሩልኝ።

«በአንድ አገር ሰው ሁሉ የኋሊት ይሄድ ነበር። ለምን ቢሏቸው፣ አያቶቻችንም እንዲህ ነበር የሚሄዱት ይላሉ። አንዲት ልጅ ግን ወደፊት መሄድ አማራት። እናቷ ማን ያገባሻል ብላ አለቀሰች። ልጅቷም ለእናቷ ስትል ሰው ባለበት የኋሊት፣ ሰው በሌለበት ወደፊት ትሄድ ጀመር። አንድ ቀን አገሩ በሙሉ እየዘፈነ ሠርግ ይሄዳል። መንገዱን ዝናብ ንዶት ገደል ሆኗል። ሰርቃ ዞር ብላ ያየችው እሷ ብቻ ናት።»

እዚህ ላይ አውሮፕላን መጣ። አውሮፕላን ሲያልፍ ሁልጊዜ ተረቱን ያቆማሉ። እስኪያልፍ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ብትጮህ ገመናዋ ይወጣል፣ ዝም ብትል አገር ያልቃል።»

«ታዲያ ምን አደረገች?»

«እኔ እንጃ። ለእኔ የነገሩኝም እዚህ ላይ ነው ያቆሙት።»

ተናደድኩ፤ ደህና እደሩ እንኳ ሳልል ሄድኩ።

የሦስተኛው ፈተና ዕለት፣ እሑድ ጠዋት፣ የቀበሌው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኔ እናቴ ጎን ተቀምጫለሁ፣ እጄ እንደታሰረች። አባባ ደምሴ ካፖርታቸውን አስተኩሰው ወጡና ጠመኔውን በቀኛቸው ያዙ። ስማቸውንና አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የተጠየቁት። «ደ» ገና ስትጻፍ ወደ ጎን ወደቀች። «ም» ከእሷ በታች ወረደች። ጠመኔው ተሰበረ፣ ከኋላ ሰው ሳቀ። ፈታኙ፣ ለጋ ወጣት ነው፣ በትሕትና «አባባ፣ ለሚቀጥለው ዙር ይምጡ» አላቸው።

ቀጣይ ዙር እንደሌለ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴን አየኋት፤ እሳቸውን አየኋቸው፤ ከዚያ ጨርቁን በጥሼ ግራ እጄን ከፍ አድርጌ ብድግ አልኩ።

«በግራዎ ይጻፉ አባባ! በግራዎ ይችላሉ!»

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። አባባ ደምሴም አዩኝ፤ መጀመሪያ የተቆጡ መሰለኝ፣ ቀጥሎ ግን ሳቃቸው መጣ። የተሰበረችውን ጠመኔ ወደ ግራቸው አዛወሯት። «አሰፋ ልጄ ናፈቅኸኝ። አባትህ ደምሴ» ብለው ጻፉ፣ እንደ ጋሪ መንገድ ቀጥ አድርገው። ፈታኙ ሰሌዳውን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ «በየትኛው እጅ የሚል የለውም» አለና ማጨብጨብ ጀመረ። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ ነው ያጨበጨብኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ቁንጥጫዬን እጠብቃለሁ፤ እናቴ ግን ግራ እጄን እያየች ብዙ መንገድ ሄደች። «ይህን ሁሉ ዘመን በቀኛቸው ሲታገሉ ኖሩ?» አለችኝ በመጨረሻ። አዎ አልኳት። ጨርቁን ከእጄ ተቀብላ አፍንጫዬን ጠረገችበትና ወደ ማሳው ወረወረችው። «ስትበዪ ግን በቀኝሽ ነው» አለች።

አባባ ደምሴ ያንኑ ቃል በግራቸው ወረቀት ላይ ጽፈው ላኩ፤ አሰፋም መለሰ። አባባ ደምሴ ራሳቸው አነበቡልኝ፤ «አዲሱ ጸሐፊ ከበፊተኛው ይሻላል፣ እንዳትለቀው» ይላል። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ዛሬ የሕንፃ ንድፍ ሠርቼ አዳሪ ነኝ፤ የጤፉ ማሳ ላይ ከቆሙት ቤቶች አንዳንዶቹን የሣልኩት በዚህችው በግራ እጄ ነው። የምበላው ዛሬም በቀኜ ነው። እናቴን ደስ ይላታል፣ ከእኔም የሚጎድል ነገር የለም። ሰው እንደሚያደርገው ማድረግ ለኑሮ ያስፈልጋል ወይ ብለው ወጣቶች ሲጠይቁኝ ግን እንጀራዬን ያገኘሁባት እጅ የትኛዋ እንደሆነች አስባለሁ።

ልጆቼም ያንን ተረት ያውቁታል። ገደሉ ጋ ስንደርስ «ከዚያስ?» ይሉኛል እንደ እኔ ትንፋሻቸውን ይዘው።

«ጮኸች» እላቸዋለሁ።