«አቁም» የሚለው ትእዛዝ

ልጄ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ተቀጥራ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፍ ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሠላሳ ዓመት በታይፕ ጸሐፊነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ሥራዋ የማውቀው እሷ የነገረችኝን ያህል ነው።

በየወረዳው ኮምፒውተር ላይ የቡና ገበሬዎች መዝገብ ነበር። የመዝገቡ ፕሮግራም በተሻሻለ ቁጥር አዲሱን ገጣጥሞ በአሮጌው ቦታ የሚተክል መሣሪያ ሠራች። መሣሪያው ስክሪፕት የሚሉትን የትእዛዝ ዝርዝር ከላይ ወደ ታች እያነበበ ይፈጽማል።

«እያንዳንዱ ትእዛዝ ኖድ የምንለው አንድ ቁራጭ ፕሮግራም ይሆናል፣ እማዬ» አለችኝ። «አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ይደመስሳል። ሌሎችን በውስጡ የሚይዝም አለ። ሁሉም ሥራውን ሲጨርስ ለያዘው ኖድ መልስ ይሰጣል፤ ቀጥል ወይም አቁም ብሎ።»

ማመሳከር የኖርኩበት ሥራ ነው። አንዷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ በጣቷ ትከተላለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እኔ ስክሪፕቱን አነብላታለሁ፣ እሷ ኮዷ ላይ ትከተላለች። «የመዝገቡን ቅጂ አስቀምጥ። ካልተሳካ አቁም። አሮጌውን ደምስስ። አዲሱን ትከል።» አንድ እሁድ «አቁም» ስል ጣቷ ሳይቆም ወደ ታች ወረደ።

«ዘለልሽ» አልኳት።

«አልዘለልኩም። የአቁም ኖድ አሁን ባዶ ነው። ምንም አይሠራም።»

«ማን ባዶ አደረገው?»

«እኔ። ኃላፊው አዘዘኝ።»

መሣሪያውን ሊያዩ ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነበር። በልምምዱ ላይ መሣሪያው ሁለት ጊዜ ቆመ። ኃላፊው፣ «እንግዳ ፊት ቆመ የሚል ነገር እንዳላይ። መጨረሻው ላይ ተጠናቋል ይበል፣ በቃ» አላት። ያን ጊዜ ተጠናቋል የማይል ሪፖርት አልነበረም። ያልተቆፈረ የውኃ ጉድጓድ መቶ በመቶ ተጠናቋል ብዬ የተየብኩበትን ቀን አስታውሳለሁ። ስለዚህ ለልጄ ዛሬ የማፍርበትን ምክር ሰጠኋት።

«የታዘዝሽውን ሥሪ። ሲሄዱ ትመልሺዋለሽ።»

እንግዶቹ አይተው፣ አመስግነው ሄዱ። እሷ ኖዱን አስተካክላ ሳትጨርስ ኃላፊው ያንኑ ለእንግዶች የታየውን በፍላሽ ወደ አንዷ የወረዳ ከተማ፣ ወደ ደካ ላከው። የደካው ኮምፒውተር ሞልቶ ስለነበር የመዝገቡ ቅጂ አልተቀመጠም። መሣሪያው ግን አልቆመም። አሮጌውን ከነመዝገቡ ደመሰሰና ተጠናቋል ብሎ ጻፈ። እዚያ ያለችው ጸሐፊ ክረምቱን ሙሉ ከገበሬዎቹ ቅጽ ላይ እየለቀመች ያስገባችው ነበር። «ተጠናቋል ሲለኝ ዘግቼ ወጣሁ» አለች በስልክ። ምን ታድርግ።

ኃላፊው «ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው» የሚል ደብዳቤ በልጄ ስም አዘጋጀ። ካልፈረመች ኮንትራቷ አይታደስም። እንዳግባባለት ብሎ ቤቴ ድረስ መጣ፤ ወንበር ሰጠሁት።

«እትዬ፣ እርስዎ የመሥሪያ ቤት ሰው ነዎት። ያስረዱልኝ እንጂ። አንዲት ወረቀት እኮ ናት።»

«አንዲት ወረቀት ከሆነች ራስዎ ይፈርሙባታ።»

«እትዬ ደግሞ ቀልድ ያውቃሉ» ብሎ ሳቀ።

«አልቀለድኩም።»

ልጄ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሱን እፈርማለሁ» አለችው። «ያዘዙኝ እርስዎ እንደሆኑም ይጨመርበት። ያኔ አምጡት።»

አጥፎ ኪሱ ከተተውና ወጣ። ያቀረብኩለትን ቡና አልጠጣም፤ እኔም አልለመንኩትም።

ኮንትራቱ አልታደሰም። በቀሯት ቀናት የአቁም ኖድ በትክክል እንዲያቆም፣ የያዙት ኖዶችም ሁሉ አብረውት እንዲቆሙ አድርጋ ሠራችው። በሚኒባስ ደካ ወርዳ በእጇ ተከለችው። እዚያ መዝገቡ ከቅጹ ላይ እንደገና እየተለቀመ ነበር። ለዚያ ጉዞ አበልም መኪናም አልሰጧት።

ኃላፊው ለበላይ አካል በጻፈው ሪፖርት «በባለሙያዋ ስህተት» ብሎ አለፈው። ይህን ገበያ ላይ የሰማሁት ሪፖርቱን ከተየበችው ሴት ነው። ሥራውን ያስተማርኳት እኔ ነበርኩ። ዓይኔን ሳታይ ነገረችኝ።

ኃላፊውን እስከ ዛሬ ሰላም አልለውም። ሪፖርቱን የተየበችውን ግን ምንም አላልኳትም። እኔ በቦታዋ ብሆን፣ የተጻፈውም የሌላ ሰው ልጅ ስም ቢሆን፣ ያለ አንድ ግድፈት ተይቤ ለፊርማ አቀርብለት ነበር። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው።