የታንኩ ክዳን

ባለቤቴ ከታመመ ወዲህ ለሕክምና ዳገቱ ላይ ወዳለው ወደ ሴቻ የምወስደው እኔ ነኝ። መኪናችን በወጣትነቱ የገዛት፣ ሁለት በር ያላት ዝቅ ያለች አሮጌ የስፖርት መኪና ናት። ሌላ የለንም። ባጃጅ ደግሞ እያንገጫገጨ ወገቡን ስለሚጎዳው አይችለውም።

ከሰፈራችን ከሲቀላ ስንነሳ ደህና ትሄዳለች። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ግን ሞተሯ ያንገራግርና ይጠፋል። ሙዝ የጫነ መኪና ከኋላችን ጥሩምባ ይነፋል፤ እኔ ወርጄ ጎማው ሥር ድንጋይ አደርጋለሁ። መኪናችን ጥቂት ቆይታ ትነሳለች። ጋራዥ ወስጃት ካርቡሬተሩን አጠቡ፣ የቤንዚን ፓምፑን ቀየሩ፤ ለውጥ የለም። ሙሉ ቀን አስተምሬ፣ ምግብ ሠርቼ፣ እሱን አጥቤ፣ ደግሞ ዳገት ላይ መገተር ታከተኝ።

አንድ ቀን እዚያው ቆመን ሳለ፣ "እስቲ የቤንዚን ታንኩን ክዳን ክፈቺና ጆሮሽን አስጠጊ" አለኝ ባለቤቴ።

ስከፍተው ታንኩ አየር በረጅሙ ወደ ውስጥ ሳበ። ነገርኩት።

"የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። በወጣው ቤንዚን ቦታ አየር ካልገባ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይሄድም።"

"ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልክ?"

"አልመጣልኝም። ጭንቅላቴም እንደ ድሮው አይደለም።"

ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ሞተሩን አስነሳሁ።

ቤት ስንደርስ አልጋው ላይ ደግፌ አስቀመጥኩትና ክዳኑን ከካቻቢቴ ጋር በትሪ አቀረብኩለት። ካቻቢቴውን ያዘ፤ ብሎኑን ሊያዞር ግን አቅም አጣ። "አንቺ ፍቺው" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ውስጡ ትንሽ የሽቦ ሞላና አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ስስ ላስቲክ አለው። አየር የሚገባባት ቀዳዳ በአቧራና በደረቀ ቤንዚን ተደፍናለች። በመርፌ ጠረግኳት፣ አጠብኳት፣ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። ሽታው ስላስቸገረው መስኮቱን ከፈትኩለት።

በሚቀጥለው ቀጠሮ እዚያው ዳገት ላይ ሞተሯ እንደገና ጠፋ። መንገዱ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ።

"ላስቲኩን በየት በኩል አስገባሽው?" አለኝ በመኪናዋ መስኮት።

"ጠፍጣፋውን ወደ ላይ አድርጌ።"

"ወደ ታች ነበር መሆን ያለበት፤ ሲገለበጥ ቀዳዳዋን ይዘጋል። እኔ ማየት ነበረብኝ።"

ያን ቀን አየር እንዲገባ ክዳኑን አላልቼ ቀስ ብለን ደረስን። ማታውኑ ላስቲኩን ገለበጥኩት።

ከዚያ በኋላ ለቀጠሮ ስንሄድ መኪናዋ ዳገቱን ሳታንገራግር ወጣችው። ደስ ብሎኝ ወደ እሱ ዞር ስል አንገቱ ወደ በሩ ዘንበል ብሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ለቀጠሮው ገና ነበር። ጥላ ያለበት ቦታ አቁሜ ሞተሩን አጠፋሁና እኔም ግንባሬን መሪው ላይ አሳረፍኩ።

ስነቃ እሱ ቀድሞኝ ነቅቶ ከታች ያለውን ሐይቅ እያየ ነበር።

"ደግሞ ቆመች?" አለኝ።

"አይ፣ ያቆምኳት እኔ ነኝ።"

"ደግ አደረግሽ" አለና እጄን ያዘ። ትንሽ እንደዚያው ቆይተን ወደ ሐኪሙ ሄድን።